ጋኔን ያልነበረበት የልብስ ሰፊው ቤት

ባለፈው ክረምት ሁለት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጡ። እንግዳ የሚያስጎበኙ ናቸው፤ ዲላ ውስጥ ጋኔን አለባቸው የሚባሉትን ቦታዎች በእግር እያዞሩ ሊያሳዩ አስበዋል። በዚህ ሥራ ከተማው ውስጥ የመጀመሪያው ሰው እኔ መሆኔን ሰምተው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ጊዜ የተረፈኝ መስሏቸው፣ ታሪኮቹን እንዳጣራላቸው ፈለጉ። ዝርዝራቸውን አውጥተው አነበቡልኝ። ከሁሉ በላይ "በቀትር የሚሰፋው ሙት" የሚል አለበት። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ከተሠራበት ቆይቷል፤ እነሱ ግን እፎቁ ሥር አሁንም የስፌት መኪና ይሰማል የሚል ጨምረውበታል።

"እውነት ነው አይደል፣ ጋሼ?" አለችኝ ልጅቷ።

ሻይ ይምጣላችሁ ብዬ ወሬ ቀየርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሽበቴን ይዤ፣ አሁንም ወሬ ቀየርኩ። ከሄዱ በኋላ በራሴ አፈርኩና ወረቀት አወጣሁ። ያንን ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ታደሰ ነኝ። ሙትም ጋኔንም የለበትም። ያለችበት አንዲት ሴት ናት፤ እሷንም ከከተማ ያስወጣኋት እኔ ነኝ።

ሥራ የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ፣ ሞያሌ መንገድ ዳር በነበረ አንድ ሆቴል ነው። ሆቴል ይባል እንጂ ስድስት ክፍልና አንድ በረንዳ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ባላምባራስ እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ ቁጡ፣ ግን ሠራተኛ የማይበድሉ ሰው ነበሩ። እኔ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ውሃ አሞቃለሁ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ። ደመወዙን ባላነሳው ይሻላል። ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ስለተማርኩ ግን እንግሊዝኛ እሞክራለሁ፤ በዚያ ዘመን በዲላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ኬንያ የሚወርዱ ፈረንጆች መኪናቸው ሲሰበርባቸው ወይም ዝናብ መንገዱን ሲቆርጥባቸው እኛ ጋ ያድራሉ። አድረውም ይሰለቻሉ። አንድ ቀን ባላምባራስ ጠሩኝና "አንተ፣ እነዚህን ሰዎች የምታሳያቸው ነገር ፈልግ። አንድ ቀን የሚያድረው ሁለት ቀን ይደር" አሉኝ።

አስጎብኚ የሆንኩት በዚች ቃል ነው። የሹመት ደብዳቤም አልነበረኝም።

መጀመሪያ የወሰድኳቸው ወደ ጥንቱ የመቃብር ትክል ድንጋዮች ነው። ከወናጎ በላይ፣ በእንሰትና በቡና መሀል ቆመዋል፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። እዚያ ድንጋዮቹ አጠገብ አቶ ጅግሶ የሚባሉ የጌዴኦ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ማንም አልሾማቸውም፤ መሬታቸው ስለሆነ ይጠብቃሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ግን አልተማርኩም።

የአቶ ጅግሶ አሠራር እንዲህ ነው። በድንጋዩ ዙሪያ የበቀለውን አረም በእጃቸው ይነቅላሉ እንጂ ገጀራ አያስነኩም። እንግዳ ሲመጣ ከዳገቱ በታች ያቆሙታል፤ ከበላይ ሆኖ መቃብር ማየት ነውር ነው ይላሉ። ከዚያ ማውራት ሲጀምሩ ሁልጊዜ ከማን እንደሰሙት ያስቀድማሉ። "ይሄን ከአባቴ ሰማሁ፤ አባቴ ከአጎቷ ሰማች" ይላሉ፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጉታል። የሚያውቁት ሲያልቅ ደግሞ እጃቸውን አጣጥፈው "እስከዚህ ነው" ብለው ዝም። ፈረንጁ ካሜራውን ይዞ ቀሪውን ይጠብቃል። ቀሪ የለም። እኔ በአፍረት እቁነጠነጣለሁ። የሞተው ሰው ዘመድ በአካባቢው ካለ ደግሞ ሳያስፈቅዱ ስሙን አይጠሩም። አንድ ጊዜ አንድ መቃብር የማን እንደሆነ ለመናገር የሟቹን የልጅ ልጅ ሰው ልከው እስኪያስጠሩ፣ እንግዶቹ ግማሽ ቀን በፀሐይ ቆመው ጠበቁ።

እኔ በልቤ፣ ይህ ሽማግሌ ነገር ማጣፈጥ አይችልም እያልኩ እታዘባቸው ነበር። ስመለስ በመንገድ ላይ እሳቸው የተዉትን እኔ እሞላለሁ። እዚህ ድንጋይ ሥር የተቀበረው ጦረኛ በቀትር ተነሥቶ ጦሩን ይሰብቃል፤ እዚያ ድንጋይ ላይ እጁን የጫነ ሰው ዓመት አይሞላውም። ፈረንጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ማስታወሻ ያወጣሉ። በሳምንታት ውስጥ ድንጋይ ለማየት የሚመጣው ሰው ሁሉ ጋኔን የሚጠይቅ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ነገር ጎበዝ ነበርኩ። ታሪኩን የምነግረው በቀትር ነው። በአገራችን ጋኔን የሚፈራው በጨለማ ብቻ አይደለም፤ እናቶቻችን በቀትር ልጅ ወንዝ አይሰዱም፣ በቀትር ዛፍ ሥር አያስተኙም። ፈረንጅ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ጋኔን ይመጣል ብሎ አያስብም፤ ስለዚህ ሳይዘጋጅ ፍርሃቱ ይይዘዋል። ከቦታው ሃያ እርምጃ ሲቀር ማውራት አቆማለሁ። ስቀርብ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እነሱም ሳላዛቸው ዝቅ ያደርጋሉ። ጥያቄ ሲጠይቁኝ ቶሎ አልመልስም። የሚያሳፍረኝ ይህንን ሁሉ ዛሬም በደንብ ማስታወሴ ነው።

አሁን ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት ልምጣ።

ጋሽ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱ ከገበያው ወደ አሮጌው የጣሊያን ካምፕ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እጁ ጥሩ ስለነበረ ቡና ገዢዎችም ሚሲዮኖችም ካኪያቸውን ያሰፉት እሱ ጋ ነበር። ባላምባራስ ሲቀጥሩኝ የመጀመሪያውን ኮት የሰፋልኝም እሱ ነው፤ ገንዘቡን ቀስ ብለህ አምጣ ብሎኛል። አንድ ቀን ሳይታመም፣ ከገበያ ሲመለስ ወድቆ ሞተ። ሚስቱ እትዬ አየለች ሁለት ሴት ልጆች ይዛ ቀረች። የሟች ታላቅ ወንድም ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ቤቱ ተዘግቶ ይቆይ፣ የስፌት መኪናውም ጨርቅ ይልበስ ብሎ አዘዘ። ሚስትየው ገደብ ከተማ እኅቷ ዘንድ ሄዳለች ተባለ፤ እኔም አመንኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ባልና ሚስት ይዤ በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ በቀትር፣ ከተዘጋው ቤት ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማን። ቆምን። ድምፁም ቆመ። መስኮቱ ዝግ፣ በሩ ዝግ፣ ደጁ ላይ ሣር በቅሏል። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ፀጉሬ ቆመ። ሴትዮዋ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ የቤቱ ባለቤት ሰፊ እንደነበረና እንደሞተ ነገርኳት። እዚህ ላይ እስከዚህ ነው ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀጠልኩ። በድንገት ስለሞተ ሌላ ሰው በሰፋው መግነዝ ተቀበረ፤ ሰፊ በሌላ ሰው ስፌት ከተቀበረ አያርፍም፤ ስለዚህ በቀትር እየመጣ የራሱን መግነዝ ይሰፋል አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴትዮዋ የባሏን ክንድ ጭብጥ አድርጋ ያዘች፤ እኔም የዘመኔን ምርጥ ታሪክ እንዳገኘሁ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ቤት እወስዳለሁ። ከሦስቱ ቀን በሁለቱ ድምፁ ይሰማል። በሩ አጠገብ ስንደርስ ይቆማል። ይህ መቆሙ ነበር ትልቁ ነገር።

ከአቶ ጅግሶ ጋር ስንጨዋወት ይህንን ነገርኳቸው፤ እንዲያደንቁኝ ፈልጌ ነው። እሳቸው አረማቸውን እየነቀሉ "ከማን ሰማህ?" አሉኝ። ሰዎች ያወራሉ አልኳቸው። "ሰዎች ማን?" አሉኝ። "እንግዲያው ሂድና እይ። ቤቱ ጀርባ አለው አይደል?" አሉ።

ለማየት ሄድኩ። በጓሮው በኩል፣ በእንሰቱ መሀል ገብቼ አጮልቄ አየሁ። የጓሮው መስኮት ተከፍቷል። እትዬ አየለች ጥቁር ለብሳ መኪናው ላይ ጎንበስ ብላ ትሰፋለች። ገደብ አልሄደችም። ልጆቿን እኅቷ ዘንድ ልካ እሷ እዚያው ቀርታለች። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሥራ ጀመረች እንዳይሏት፣ መኪናውንም የባሏ ወንድም እንዳይወስድባት፣ በሯን ዘግታ፣ ሰው ገበያ በሚውልበትና ጎረቤት በሚያርፍበት ሰዓት በቀትር ትሠራለች። ጥቂት የምታምናቸው ሴቶች በጓሮ ጨርቅ ያቀብሏታል። እግር ስትሰማ መርገጫውን ትተዋለች።

ሳታየኝ ተመለስኩ። ያን ዕለት ቀትር ላይ ሁለት እንግዶች ይጠብቁኝ ነበር። ልተወው አልኩ። መንገድ ልቀይር አልኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እዚያው በሯ ላይ አቁሜ አወራሁላቸው። ከዚያ ቀን በፊት የነገርኩት ስህተት ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የነገርኩት ግን አውቄ ነው። እንዲያውም መቼ እንደምትጀምር ስላወቅኩ ሰዓቱን በደንብ ማስተካከል ቻልኩ። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

እንግዶቹ ሾፌር እንዳላቸው ረሳሁ። ከአዲስ አበባ ከመጡት አንዱ እንግሊዝኛ ይሰማ ነበር። ሆቴል በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣ ለሌሎቹ ተረጎመላቸው፤ እሱ ወደ አገሩ ሄደ፣ ወሬው እዚህ ቀረ። በሁለት ገበያ ውስጥ ከተማው ሞላው። ከማን እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ግን አንዳንድ ነገር ጨምሯል። በቀትር በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ጠፋ። በጓሮ ጨርቅ የሚያቀብሏት ሴቶች እንኳን፣ እሷ ስታርፍ ሙቱ ይቀጥላል ሲባል ፈርተው ቀሩ። ሙት ዓመቱ ወጥቶ በሯን በይፋ ስትከፍት የገባላት የለም። አንዲት ሙሽራ ከወሬው በፊት የሰጠቻትን ቀሚስ ሰፍታ ብትልክላት፣ የሙሽራዋ እናት በዱላ ጫፍ አንጠልጥላ መልሳ ደጇ ላይ ጣለችው፤ በመግነዝ መኪና የተሰፋ ልጄ አትለብስም ብላ።

አንድ እሑድ እድር ተሰብስበን ሳለ እትዬ አየለች መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊት ቆመች። የባሏ ወንድምም ተቀምጧል፤ እኔም ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አለሁ።

"ስትሰፋ የምትሰማው ሴት እኔ ነኝ" አለች። "ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ሠርቻለሁ። ልጆቼን ላበላ ብዬ ነው፤ ጥፋቴም ይኸው ነው፣ ቅጡኝ። ቤቴ ውስጥ ግን ጋኔን የለም። እኔ መሆኔን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ስለ እግዚአብሔር ይናገርልኝ።"

ያን ሁሉ ወር በሯን ዘግታ የደበቀችውን በገዛ አፏ፣ በባሏ ዘመዶች ፊት አወጣችው። የእድሩ ዳኛ ዞር ዞር ብለው የሚያውቅ አለ ወይ አሉ። ጨርቅ ያቀብሏት የነበሩት ሴቶች እድር ላይ አይቀመጡም፤ ከወንዶቹ ማንም አልተናገረም። አንዱ ከኋላ፣ ቤቷ እንዳይጠላባት በራሷ ላይ ወሰደችው እንጂ መቼ እሷ ሆነች ብሎ አጉረመረመ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ አየለች እኔን አየችኝ። በደንብ፣ ረዘም አድርጋ አየችኝ። አወቀችብኝ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን አየሁ። ተነሥቼ "በዓይኔ አይቻታለሁ" ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሦስት ቃል እንኳን አይሞላም። ባላምባራስ ምን ይሉኛል፣ ከተማው ምን ይለኛል፣ ሥራዬ ምን ይሆናል ስል ዳኛው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

በወሩ መኪናውን ሸጣ፣ ቤቱንም ለባሏ ወንድም ትታ ገደብ ወረደች።

አቶ ጅግሶ ሰሙ። እንዴት እንደሰሙ አላውቅም። እንግዳ ይዤ ስሄድ ከዳገቱ ሥር ቆመው ጠበቁኝ፤ እንግዶቹን በእጃቸው ምልክት አሳልፈው እኔን አስቀሩኝ። "ሙት ብትዋሽበት ይችላል። ያለ ሰው አይችልም። አንተ በሴትዮው ላይ ነው የሠራህ" አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ "እዚህ ከእንግዲህ አትምጣ" አሉ። አልጮሁብኝም። ከዚያ ወዲያ ደግመን አልተነጋገርንም፤ ሲሞቱም ለቅሶ ለመድረስ ድፍረት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ማውራት አቃተኝ። በር ላይ ቆሜ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ የራሴ ድምፅ ያስጠላኛል። ባላምባራስ ምን ነካህ ቢሉኝ አመመኝ አልኩና ለቀቅኩ። ኮንጋ የሚባል ቦታ ያለ ቡና ማጠቢያ ቀጠሩኝ፤ የገባ እሸት ቡና እጽፋለሁ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን አስገለብጣለሁ። ደህና አለቆች ነበሩኝ። በሥራዬ ተወቅሼ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ዝምተኛ ነው ይለኝ ነበር። ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

ኮንጋ ሦስተኛ ዓመቴን ስይዝ፣ ጃንሆይ ገና ሳይወርዱ፣ ቆርጬ ተነሣሁና ወደ ገደብ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እነግራታለሁ አልኩ። የምናገረውን በመንገዱ ሁሉ ስደጋግመው ሄድኩ፤ እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው፣ ዲላ ተመለሺና እድሩ ፊት ቆሜ እመሰክርልሻለሁ። ገበያው ጠርዝ ላይ አገኘኋት። የስፌት መኪና የላትም። ሰልባጅ ልብስ መሬት ላይ ዘርግታ የተቀደደውን በእጅ መርፌ እየጠገነች ትሸጣለች። ጠቁራለች፣ ከስታለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

"ታደሰ! አንተ ነህ? እግዜር ነው ያመጣህ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ኮቴን ያዝ አደረገች፤ አንዱ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። "ቁም፣ እንዲህ ሆነህ አትሄድም" ብላ መርፌዋን አወጣች።

"እትዬ አየለች፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አልኳት።

"እኔ ልንገርህ አስቀድሜ" አለች፣ ክሩን በከንፈሯ እያረጠበች። "ስንት ጊዜ ባገኘው ስል ነበር። ያን ጊዜ፣ ወልዴ በሞተ ጊዜ፣ ዘመድ እንኳን በርቀት ሲያልፈኝ፣ የወልዴን ደንበኞች እነዚያን ፈረንጆች እያመጣህ በሬ ላይ ታስቆማቸው ነበር። በቀዳዳ አያችሁ ነበር። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ቆብ አውልቃችሁ። ለቅሶ ደራሽ እንደ እናንተ የመጣልኝ አልነበረም።"

እሷ ቁልፉን በክር እየጠመጠመች ቀጠለች።

"መስፋቴንም ሰምተሃል። መስማትህን አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳን በሩን አላንኳኳህም፣ ለሰውም አልነገርክብኝ። ምሥጢሬን ጠበቅክልኝ። እድሩ ላይ ልጠራህ ነበር እኮ፤ አይቼህ አልነበር? ከዚያ አንገትህን ስትደፋ፣ ይሄ ልጅ እኔን ላለማሳፈር ብሎ ነው ዝም ያለው፣ እንጀራውም አለበት፣ ላላስቸግረው ብዬ ተውኩህ።"

አሁን በል አልኩ ራሴን። እጇ ደረቴ ላይ ነው። አሁን ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓመት የቀራት ደህና ትዝታ ያ እንደሆነ ገባኝ። ይህንንም ልውሰድባት? ወይስ ይህንን ምክንያት አድርጌ እንደገና ራሴን ላድን? ለየትኛው እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ብቻ አፌን ዘጋሁ።

"ምን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?" አለችኝ።

"ልጠይቅሽ ነው" አልኳት። "ደህንነትሽን ልጠይቅ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ቁልፉን ሳብ አድርጋ መጥበቁን አየች። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መለሰችው። "ካንተ አልቀበልም" አለች። "በል ሂድ እንግዲህ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ።"

ሄድኩ።